የተመልካች መስተንግዶ በሜዳ ዳር፦ ዊምብልደንና ኢሉባቦር በንጽጽር

አንጋፋው የቴኒስ ውድድር ዊምብልደን እ.ኤ.አ. በ1877 ሲጀመር የመጀመሪያው ፍጻሜ በዝናብ ምክንያት ተራዘመ። በኋላ ሁለት መቶ የሚሆኑ ሰዎች አንዳንድ ሽልንግ ከፍለው አዩት። አዘጋጆቹ የዝናቡን ጉዳይ በጥሞና መረመሩና በ2009 ዋናውን ሜዳ ተከፋች ጣሪያ አለበሱት። ምርመራው 132 ዓመት ፈጅቷል።

በለንደን በዓመት የሚዘንበው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በኢሉባቦር ጎሬ ላይ ወደ 2,000 ይጠጋል። ይሁንና ከመቱ እስከ ኖፓ ኳስ ሊያይ የሚወጣ ሰው ጣሪያውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ጃንጥላ ለመክፈት ኮሚቴ አያስፈልግም፤ ያልያዘም ከያዘው ሥር ይጠጋል። በዘርፉ ያልተፈታው ችግር ከኋላ የቆመው ተመልካች ብቻ ነው። እሱም «ኦቦ፣ እባክዎ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት!» በሚል አቤቱታ መብቱን ያስከብራል።

የወረፋ አያያዝም ተፈትሿል። በዊምብልደን ለተሰላፊው ቀንና ቁጥር የሰፈረበት ካርድ ይሰጠዋል። ሌሊቱን በድንኳን ማደር ይችላል፤ ድንኳኑ ግን ከሁለት ሰው በላይ መያዝ የለበትም። ተራውን ትቶ ከ30 ደቂቃ በላይ መጥፋትም ክልክል ነው። በእኛ አገር ይህን ሥራ ድንጋይ ይሠራዋል። ባለቤቱን ወክሎ ይሰለፋል፤ ሻይ አያምረውም፣ ሽንቱ አይመጣም፣ ከፊቱ ካለው ድንጋይ ጋር አይጣላም። ሜዳ ዳር ሲደርስ ደግሞ መቀመጫ ይሆናል። ላዩ ላይ ፌስታል ከተነጠፈ ደረጃው ከፍ ይላል።

መቀመጫን በመደብ ማደራጀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ዳፍ ትራክና ሚስማር ተራ አለው። በዊምብልደን ትኬቱ ወደ ዋናው ሜዳ የማያስገባው ሰው በተጫዋቹ በቲም ሄንማን ስም በሚጠራው ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ጨዋታውን በትልቅ ስክሪን ይከታተላል። በኢሉባቦር ዛፍ ላይ የወጣ ልጅ ስክሪን አያሻውም። ከመሐል ዳኛው ይልቅ ኦፍሳይዱን እሱ አጥርቶ ያያል፤ ውሳኔውንም ወዲያው ያሳውቃል።

በምግብ ረገድ የዊምብልደን መለያ እንጆሪ በክሬም ነው። ዋጋው እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2024 ድረስ 2.50 ፓውንድ ላይ ተቸንክሮ ቆይቶ በ2025 ወደ 2.70 ከፍ ብሏል። የኢሉባቦር አቻው ከሰል ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ሲሆን፣ ዋጋው በደንበኛውና በሻጯ ክርክር በየእሸቱ እንደ አዲስ ይወሰናል።

ጥናቱ ብርቱ ልዩነት ያገኘው በቡናው ላይ ነው። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ስለተመዘገበ ግብዓቱ ቅርብ ነው። የሴቶች ቴኒስ ቢበዛ ሦስት ዙር (ሴት) አለው፤ ሁለቱን በተከታታይ ያሸነፈች ተጫዋች ሦስተኛውን ሳትጫወት ትሄዳለች። አቦልና ቶና ጠጥቶ በረካን ጥሎ ለመሄድ ግን እንዲህ ያለ ደንብ አልተገኘም።

የመጸዳጃ አገልግሎት ለቀጣይ ጥናት ተላልፏል። እስከዚያው ድረስ ሜዳው አጠገብ የዘመድ ቤት ማንኳኳት ይመከራል። ጀበና ከተጣደ ግን ሁለተኛው አጋማሽ ያመልጣል።