54ቱ አርጩሜዎች

ከደጋው በታች፣ ከቆላው በላይ እንስሳት ብቻ የሚኖሩበት አንድ ቀበሌ ነበረ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አያ ጅቦ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አያ ዝንጀሮ፣ አስተማሪዋ ደግሞ እመት ፍየል ነበሩ።

በአንዱ ዓመት ኅዳር ሲገባ ብርዱን ሸሽተው ከሰሜን የሚመጡት ሽመላዎች ወሬ ይዘው ደረሱ። "የሰው ልጆች በ1982 ዓ.ም. ኅዳር 11 ቀን ኒውዮርክ ላይ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ ስለ ልጆቻቸው መብት 54 አንቀጽ ያለው ስምምነት አወጡ። እናንተም ግልገሎቻችሁን ብታስተምሩበት መልካም ነው" አሉ።

አያ ጅቦ ጥቂት አሰበና፣ "ለመሆኑ ስንቱ አገር ተቀበለው?" ብሎ ጠየቀ።

"ከአሜሪካ በቀር የጉባኤው አባል የሆነ አገር ሁሉ አጽድቆታል።"

"ሁሉም ከተቀበለውማ የሚጎዳ ነገር የለበትም" አለ አያ ጅቦ። የቀበሌው ስብሰባ አጨበጨበ። አያ ጅቦም ተነሥቶ ስለ ግልገሎች ጣፋጭነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ጅብ ስለ ግልገል ሲያወራ ምራቁን መዋጡ የቆየ ልማዱ ነውና ልብ ያለው አልነበረም።

ትምህርቱ ሰኞ ተጀመረ። እመት ፍየል በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አንቀጽ እያነበበች ግልገሎቹ በአንድ ድምፅ ይቀበሏት ጀመር። አንቀጽ 28 ላይ ሲደርሱ፣ "የትምህርት ቤት ቅጣት የልጁን ክብር የጠበቀ ይሁን፤ በሉ!" አለቻቸው። አሉ። ጥጃው ግን "ክብር" የሚለው ላይ ምላሱ ተሳሰረ። አያ ዝንጀሮ ወደ ፊት ጠራውና አምስት አርጩሜ አቀመሰው።

በማግስቱ ትንሿ ጦጣ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ይህ አንቀጽ ትናንት ጥጃው ሲገረፍ ይሠራ ነበር? ወይስ ከዛሬ ጀምሮ ነው የሚሠራው?"

አያ ዝንጀሮ በትዕግሥት መለሰላት። "ልጄ፣ ግልገል ሐሳቡን የሚሰጠው አንቀጽ 12 ላይ ነበር። አንቀጽ 12ን ደግሞ ከሳምንታት በፊት ጨርሰናል።" እሷም አሥር ተቀበለች።

ትምህርቱ እየሰፋ ሲሄድ አንዱ አርጩሜ አልበቃ አለ። የወላጅ ኮሚቴው ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ አንድ፣ በድምሩ 54 የክትክታ አርጩሜ ይቆረጥ ብሎ ወሰነ። ግልገሉ በየትኛው መብቱ እንደተገረፈ እንዲያውቅ በየአርጩሜው ላይ የአንቀጹ ቁጥር ተቀረጸ። በዓመቱ ሪፖርት ላይም "የትምህርት መርጃ መሣሪያ" በሚለው ሥር ገባ።

አንቀጽ 31 ግልገል ሁሉ የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል። ቶሎ በቃል አልያዝ ስላለ የዕረፍቱ ሰዓት ለእሱ ጥናት ዋለ። ሜዳው ባዶውን ሲቀር ጊዜ፣ "ቦታው ከሚባክን የመብት አዳራሽ ይሠራበት" ተባለ።

ለአዳራሹ ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልስ ሲፈለግ ውርንጭላው ተገኘ፤ እናቱ ሞታ ነበርና የሚቆጣለት አልነበረውም። አንቀጽ 32 ግልገል ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠበቅ ይላል። ክፍሉ ይህን በተማረበት ጠዋት ውርንጭላው አሸዋ ጭኖ መንገድ ላይ ስለነበረ ቀሪ ተደረገ። እመት ፍየል አዘነችለት። ከሰዓት በኋላ ዳገቱን አብራው እየወጣች፣ ማስታወሻዋን ጭነቱ ላይ አስደግፋ፣ አንቀጹን እስከ መጨረሻው አነበበችለት።

በጥር ወር አዲስ ትምህርት ታከለ፤ ዓለም አቀፍ ዜግነት ይባላል። ግልገሎቹ በዓለም ጫፍ ስለሚኖረው ስለ ነጭ ድብ ተማሩ። የሚቆምበት በረዶ እየቀለጠበት መሆኑን ሲሰሙ አለቀሱ፤ እውነት ለመናገር ከልባቸው ነበር። "ወንድማችን ሆይ፣ ዓለም የሁላችን ቤት ናት፤ በሯም ለሁሉ ክፍት ነው" ብለው ደብዳቤ ጻፉለት።

ደብዳቤው በሚጻፍበት ሰዓት የጃርት ልጅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከወንዝ ማዶ ድርቅ አፈናቅሏት ከእናቷ ጋር የመጣች ናት። ዘበኛው ውሻ የልደት ምስክር ወረቀት ጠየቃት። አልነበራትም። ቀበሌ ሄደች። ቀበሌው፣ "ተማሪ መሆንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤት አምጪ" አላት። ተመልሳ መጣች። ትምህርት ቤቱ፣ "መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀት" አላት። ይህን ስትመላለስ ጥር አልቆ የካቲት ገባ። ውሎዋ ከአጥሩ ሥር ሆነ። አንድ ቀን ክፍሉ አንቀጽ 7ን ሲከልስ፣ "ልጅ እንደተወለደ ምን ይደረጋል?" ተብሎ ተጠየቀ። ሁሉም ጠፋበት። ከአጥሩ ውጭ ግን፣ "ወዲያው ይመዘገባል!" የሚል ድምፅ ተሰማ። አያ ዝንጀሮ ሳይመዘገቡ መመለስ ክልክል መሆኑን በሰሌዳ ጽፎ አጥሩ ላይ ሰቀለ። ለነጭ ድብ የተጻፈውን ደብዳቤ ፖስታ ቤት እንዲያደርስ የተላከው ያው ውሻ ነበር፤ እግረ መንገዱን ጃርቷን ከአጥሩ ገለል አደረጋት።

ቀጥሎ የግልገሎች ፓርላማ ተቋቋመ። እጩዎቹን አያ ጅቦ መረጠ፤ ግልገሎቹ አጨበጨቡ። አፈ ጉባኤ የሆነው የቀጭኔ ግልገል ነው። ድምፁ አይሰማም፣ ከሩቅ ግን ይታያል። ንግግሩን አያ ዝንጀሮ ይጽፋል፣ እመት ፍየል ታነባለች፣ ቀጭኔው አንገቱን ይነቀንቃል።

ዓመት ዞሮ ኅዳር 11 ደረሰ። ሽመላዎቹ ሊጎበኙ መጡ። ግልገሎቹ ከማለዳ ጀምሮ "የግልገሎች ድምፅ ይሰማ" የሚል ጨርቅ ይዘው ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። ለእንግዶቹ ጥላ ተተክሎ ነበር። አንዱ ግልገል ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ የእንግዶቹን ፎቶ እንዳያበላሽ ከሰልፉ ኋላ አደረጉት።

ትልቁ ሽመላ ወደ ጥጃው ቀረበና፣ "አንቀጽ 12 ምን ይላል?" ብሎ ጠየቀው። ጥጃው ትንፋሽ ሳይወስድ ወጣው፤ አንዲት ቃል አልሳተም። ሽመላው ደስ ብሎት፣ "እሺ ጎበዝ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" አለው።

ጥጃው አያ ዝንጀሮን አየ። አያ ዝንጀሮ ወረቀቱን አገላበጠ። "ክቡር እንግዳ፣ ይህ ጥያቄ በፕሮግራሙ ላይ የለም" አለ። ሽመላው ይቅርታ ጠይቆ በማስታወሻው ላይ "54ቱንም ያውቃሉ" ብሎ ጻፈ።

ሊበተኑ ሲሉ ትንሿ ጦጣ ከሰልፉ ወጣች። "አንቀጽ 42 ቀርቷል። ይህ ሕግ ለልጆችም ለአዋቂዎችም እኩል ይነገር ይላል። የአዋቂዎቹ ክፍል የትኛው ነው?"

ዝምታ ሆነ። ከዚያ አያ ጅቦ ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ ሁሉም ሳቀ። ሽመላዎቹ ግን ጥያቄውን መዝግበውት ስለነበር በዚያው ቀን ኮሚቴ ተዋቀረ። ከአዲሱ አዳራሽ ጎን አንድ ክፍል ተለየ፣ በበሩም ላይ "የአዋቂዎች ትምህርት፣ አንቀጽ 42" ተብሎ ተጻፈ። ትምህርቱ አጨዳው እንዳለቀ ይጀመር ተባለ። አጨዳው ሲያልቅ ውቂያ ደረሰ፤ ከውቂያ በኋላ ሠርግ በዛ፤ ከዚያ ጾም ገባ። ሽመላዎቹ ወደ ሰሜን ተመለሱ።

ክፍሉ እስከ ዛሬ ተማሪ አልገባበትም። አርጩሜዎቹ የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ ከ54ቱም ጫፉ ያልተላጠው የ42ኛው አንቀጽ ብቻ ነው።