የበረቱ መወርወሪያ

ተረት ተረት! የላም በረት።

ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ አስታው አልቆ የገብሱ ማሳ ከሚጀምርበት ደጋ ላይ፣ አንድ ትልቅ በረት ነበር አሉ። የበረቱ ጌታ አንበሳ ነው። በሬዎቹ ሌሊት እዚያው ተዘግቶባቸው ያድራሉ፤ ጎህ ሲቀድ አንበሳው መወርወሪያውን ስቦ ያወጣቸዋል። ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ሳይቀልጥ ቀንበሩ ጫንቃቸው ላይ ያርፋል። መኸር ደርሶ አራት ነዶ ሲሰበሰብ ሦስቱ ወደ አንበሳው ጎተራ ይገባል፤ አንዱ ለአራሾቹ ይቀራል። «ሕጉ ነው» ይላቸዋል አንበሳው። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነበር።

አንድ ቀን ከአሰላ በኩል የብረት በሬ እያጓራ መጣ። ሣር አይበላ፣ አይደክመው፤ የሚጠጣው ሽታው የሚያስነጥስ ጥቁር ውሃ ነው። በሬዎቹ ሳምንት የሚለፉበትን ማሳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገለባበጠው። አንበሳው በማግስቱ መወርወሪያውን ሳበና «እንግዲህ ሂዱ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይጠምዳችሁም» አላቸው።

«ነፃ ወጣን!» ብሎ አንድ ወይፈን በደስታ ዘለለ።

«ልጄ፣ የት ልትግጥ ነው?» አለችው እመት ላሚት።

ወይፈኑ ዙሪያውን ቢቃኝ መስኩ ሁሉ ታርሷል። እየተንገዳገዱ ወደ ካታር ወንዝ ወረዱ። እዚያም አያ ጅቦ ቆይቷቸዋል። በዚያ ክረምት ስንቱ አለቀ! የሚባረርም ነፃ የሚወጣም በአንድ በር እንደሚወጣ በሬዎቹ ያን ጊዜ ገባቸው።

ዓመታት አለፉና በአንድ የካቲት ነብር ተነሥቶ አንበሳውን ጣለው። ጉብታ ላይ ቆሞም ወፎች ሲዘምሩት የኖሩትን ቃል ተናገረ፦ «ማሳው የአራሹ ነው!» ተራራው በእልልታ ተናጋ። በዚያ ዓመት አራቱም ነዶ የአራሹ ሆነ። ጥጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግበው አደሩ። ይህን ደስታ ማንም አያቃልለው፤ የእውነት ደስታ ነበር።

ሁለት መኸር አልፎ ሦስተኛው ሲመጣ ግን ነብሩ «እህሉን ለእኔ አስረክቡ፤ ዋጋውን እኔ እተምናለሁ» አለ። ቆየት ብሎም «ተበታትናችሁ መኖር አይመችም፤ በረታችሁን በረድፍ ሥሩልኝ» ሲል አዘዘ። በየረድፉ ጫፍ መወርወሪያ ተበጀለት። በበሩም ላይ «የነፃነት በረት» ተብሎ ተጻፈ።

አንድ አዛውንት በሬ ፈራ ተባ እያለ ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ ይህን በር የሚከፍተው ማነው?»

«እኔ።»

«የሚዘጋውስ?»

«እኔው ነኝ። ከአንበሳ ያዳንኳችሁን እኔን ትጠረጥራላችሁ?»

አዛውንቱ ዝም አለ። እመት ላሚት ግን ይህችን መልስ በልቧ ያዘች።

ጊዜው ደረሰና ነብሩ በሌላ አውደ ውጊያ ቆስሎ ደከመ። ሲደክምም «እንደ ወደዳችሁ ሁኑ» አለ። በሬዎቹ ያንን ረድፍ በአንድ ሰሞን አፈራረሱት። ማገሩንና ክዳኑን እየጎተቱ ወደየቀድሞ ግጦሻቸው ተመለሱ።

በዚህ ጊዜ እመት ላሚት ሁሉንም ከዝግባው ሥር ሰበሰበቻቸው። «ወንድሞቼ፣ አንዴ አንበሳው ሂዱ አለን። አንዴ ነብሩ ማሳው የእናንተ ነው አለን። ዛሬም እንደ ወደዳችሁ ሁኑ ተባልን። ሁልጊዜ የምንባል ነን። ሰጪው ሲቆጣ የማይወስደው ነገር እስካሁን በእጃችን አልገባም። መወርወሪያውን የሚይዝ ሁሉ በዚህ ዝግባ ሥር ሊጠየቅ ይገባዋል» አለቻቸው።

መከሩ፤ ተስማሙ። የበሩ ጠባቂ ከመካከላቸው እንዲመረጥ፣ ስምንት ክረምት ጠብቆ ለሌላ እንዲያስረክብ፣ ሳይሰማ የዘጋበት ቢኖር ከዝግባው ሥር ቀርቦ እንዲዳኝ ማሉ። አንድ ብርቱ በሬ ተመረጠ። እውነትም ደግ ጠባቂ ነበር።

በሦስተኛው ክረምት አንዲት የቆሰለች አህያ በጭጋጉ መሐል እየተንቀጠቀጠች መጣች። ጠባቂው «አንቺ ከብት አይደለሽም» ብሎ በሩን ዘጋባት። በሬዎቹ አዩ፤ አልተናገሩም። «ለአህያ ብለን ከወንድማችን እንጣላ?» ተባባሉ።

ላሞቹ ግን ከቅድመ አያቶቻቸው የወረሱት ወግ ነበራቸው። እመት ላሚት ቀጭን ለምለም ቅርንጫፍ በአፏ ይዛ ወጣች። ሌላዋም ተከተለች፤ ሌላዋም። ጥጃቸውን ሳያጠቡ፣ ወተታቸውን ሳይሰጡ፣ በዝናብ ከዝግባው ሥር ተቀመጡ። ቅርንጫፏ ዝንብ እንኳ አትገድልም። ሆኖም አንድም በሬ ደፍሮ በመካከላቸው አላለፈም።

በሦስተኛው ቀን ጠባቂው ቀንዱን ዝቅ አድርጎ መጣ። አህያዋ በደሏን ተናገረች፤ እሱም ሰማ፣ ካሰ፣ በሩን በገዛ አፉ ስቦ ከፈተላት። ወይፈኑ፣ ያኔ በደስታ ዘሎ የነበረው፣ አሁን ሸምግሎ ይህን ሲያይ «ዛሬ ነፃ ወጣን» አለ።

ተረቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ፍቺው በአርሲ ምድር ላይ በዓመተ ምሕረት ተጽፏል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ ከጭሰኛው ምርት እስከ 75 በመቶ ድረስ በኪራይ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ሦስቱ ነዶ ይኸው ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ «ካዱ»፣ አሰላን መቀመጫው አድርጎ ሥራ ጀመረ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበለት። ይሁንና እርሻው አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ ነቀሉት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መሬት እንዳይሰጥም ደነገገ። ይህን አዋጅ ያወጣው መንግሥት ኋላ የእህል ኮታ ጣለ፤ በ1978 ዓ.ም. አርሲን በመንደር ምሥረታ አጥለቀለቃት። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ጊዜ አላጠፋም፤ መንግሥት ያደራጀውን የአምራቾች ማኅበር በትኖ፣ ከመንደሩ ወጥቶ፣ ወደ ነባር ቀዬው ተመለሰ።

የላሞቹ ቅርንጫፍም አለ። የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የሚባለውን ቀጭን በትር ታስይዛታለች። አይመቱበትም። በደል የደረሰባት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ የአካባቢው ሴቶች ቤታቸውን ጥለው ይከተሏታል፤ በዳዩ ተጠይቆ፣ ክሶ፣ እርቅ ሳይወርድ አይመለሱም። ሲንቄ የያዘች ሴት በመካከላቸው ስትቆም ጠበኞች ይላቀቃሉ። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚሸጋገርበትና በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት የወንዶች ወንበር ሆኖ ሲኖር፣ ሲንቄ ያንን ወንበር የምትጠይቅ የሴቶች ሕግ ሆና ኖራለች።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርሶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይነቀል ዋስትና ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 9 ደግሞ ባለሥልጣንም ሆነ ዜጋ ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ እንዲሆን ያዛል። የተነቀለ ገበሬ የነቀለውን ሹም ከዳኛ ፊት ማቆም ካልቻለ ግን እነዚህ አንቀጾች ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ናቸው።

ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ነፃ አውጪ አጥተን አናውቅም። ያጣነው ነፃ አውጪውን የምንጠይቅበት ዝግባ ነው። ስለዚህ አገር ነፃ መሆኗን ለማወቅ የሚሻ ሰው የበዓሉን ሰልፍ ትቶ ወደ ቀበሌው ይሂድ፤ ከሁሉ ደካማ የሆነችው ሴት ከሁሉ የሚበረታውን ሹም ከስሳ፣ ተሰምታ፣ ተክሳ በሰላም ወደ ቤቷ መግባቷን ይይ። ገብታ ከሆነ ነፃነት አለ። ካልገባች ግን ቅርንጫፉን አንሥቶ ከእሷ ጋር መቀመጥ የእያንዳንዳችን ዕዳ ነው።