ጋሼ፣ በደረሰኝ ነው?

ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ደስጣ ወረቀት ልትገዙ ግቡ። ዋጋ ከመነገሩ በፊት ይህ ጥያቄ ይመጣል፤ ዋጋው ራሱ መልሳችሁን ነዋ የሚጠብቀው። ያለደረሰኝ ያለ ሰው ወዲያው ዘመድ ይሆናል፣ በርጩማ ይሳብለታል፣ የልጆቹ ደህንነት ይጠየቃል። በደረሰኝ ያለ ግን 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጫንበትና የሱቁ አየር ይቀየራል። ማሽኑ ተበላሽቷል። የማሽኑ ወረቀት አልቋል። በማሽኑ የምትሠራው ልጅ ምሳ ወጥታለች፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ።

እኔ ሁልጊዜ በደረሰኝ እላለሁ። ጽድቅ ፈልጌ አይደለም። ከባለቤቴ ወንድም ጋር ያቋቋምናት የኅትመትና የጽሕፈት መሣሪያ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስላለችን ነው። ማኅበር ከሆናችሁ ሽያጫችሁ የቱንም ያህል ይነስ፣ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ናችሁ። ሁለት ጠረጴዛና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዘን ከከተማዋ ቢራ ፋብሪካ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ ውስጥ የዓመቱን ሂሳብ አዘጋጅተን እናሳውቃለን፤ ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶ እንከፍላለን። ተጣራ የሚባለው ደግሞ በደረሰኝ ነው። ያለ ደረሰኝ የወጣ ብር በሕግ ዓይን አልወጣም፤ ኪሳችሁ ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ 30 በመቶው ይጠየቅበታል።

የገቢ ግብር አዋጅ 979 የወጣው ነሐሴ 2008 ነው። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በከተማዋ አንድ ጫፍ የዓመታት የግብር እፎይታ ያላቸው ሼዶች ተገተሩ፤ በሌላው ጫፍ የእኔና የአማቼ ፎቶ ኮፒ ማሽን። እነሱ ዶላር ያመጣሉ፣ ሥራ ይፈጥራሉ፤ አልከራከርም። እኛም እኮ አንዲት ልጅ ቀጥረናል፣ ሂሳብ ሠራተኛችንን።

ነገሬ ግን ስለ ዓሣ ነው።

ከሻሸመኔ አንድ ደንበኛ አሉን። የግል ትምህርት ቤት አላቸው፤ የተማሪ ሪፖርት ካርድ እኛ ጋ ያሳትማሉ። ሐዋሳ ድረስ የመጣን እንግዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሳይወስዱ መሸኘት ነውር መሆኑን ለእናንተ መንገር የለብኝም። እናም እንሄዳለን። አንዱ ዓሣውን ከጀልባ ያወርዳል፣ አንዱ ይገፍፋል፣ አንዱ ይዘለዝላል፣ አንዷ ትጠብሳለች። ቆሮሶው መጀመሪያ ጥሬውን በዳጣ ይቀርባል፤ ቀጥሎ ጥብሱ፣ ቀጥሎ ሾርባው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መላጣቸውን ዘንበል አድርገው፣ ጡረታ እንደወጣ ኦዲተር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንጀትና ጭንቅላት ይጠብቃሉ። ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ ሆዳችን እስኪገባ ድረስ ቢያንስ በአራት ሰው እጅ አልፏል፤ አራቱም በጥሬ ብር ተከፍለዋል።

«እህቴ፣ ደረሰኝ አለ?» አልኳት ጠባሿን።

«ሎሚ ነው? ልጨምርልህ።»

ሎሚውን ተቀበልኩ። ሂሳብ ሠራተኛችን በኋላ እንደነገረችኝ ደረሰኙ ቢኖርም ለውጥ አያመጣም ነበር። ለእንግዳ የቀረበ ምግብና መጠጥ በአዋጁ ከመዝናኛ ወጪ ይመደባል፤ የመዝናኛ ወጪ ደግሞ፣ ሥራችሁ ራሱ ማዝናናት ካልሆነ፣ ከገቢ አይቀነስም። ማለትም እኔና እሳቸው ተዝናንተናል። ዳጣው ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ እሳቸው በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ጥቂት ሳንቲም እንድቀንስ ሙሉውን ከሰዓት እየተሟገቱኝ፣ በመጨረሻም እየቀነስኩ፣ በሕግ ዓይን ተዝናንቻለሁ። እስቲ ይሁን፤ ባልጋብዛቸውስ? ያለ ምሳ «ዋጋው ይኼ ነው» ብዬ ብልካቸው ሪፖርት ካርዱን ሻሸመኔ ያሳትሙታል። በእኛ አገር ምሳ የሽያጭ አካል ነው፤ ከቀለምና ከወረቀት ቀጥሎ የሚገባ ጥሬ ዕቃ ነው። ይህንን ለሂሳብ ሠራተኛችን ነገርኳት። «በየትኛው የሂሳብ መደብ ልመዝግበው ጋሼ? ከቀለም ጋር?» አለችኝ።

የ1952ቱን የንግድ ሕግ ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ነበሩ፤ ሳይጨርሱ አረፉና አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጸሙት። ሐዋሳም የተቆረቆረችው በዚያው ዘመን ነው። ሁለቱ ሊቃውንት አሞራ ገደል ወርደው በዳጣ እንደበሉ የሚያሳይ ነገር ግን የትም አላነበብኩም። በ2013 በአዋጅ 1243 የመጣው አዲሱ የንግድ ሕግ በበኩሉ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። አማቼ ይህንን ከሰማ ወዲህ አንዳንዴ በትካዜ ያየኛል።

እሺ፣ ዓሣው ይቅር፤ ተዝናንተናል። ታግዬ፣ ተገላምጬ፣ ምሳ የወጣችውን ልጅ ጠብቄ ያመጣሁት የወረቀት ደረሰኝስ? ከማሽን የሚወጣው ያ ጠባብ ወረቀት ሙቀት አይችልም፤ የሐዋሳን ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ጥቁር የነበረው ጽሑፍ ሚያዝያ ላይ ግራጫ ይሆናል፤ ጥቅምት ሲደርስ ነጭ ወረቀት ነው። ግብር ሰብሳቢው ግን 5 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ሂሳብን ማሻሻል ይችላል። ሂሳብ ሠራተኛችን ብልህ ናትና ሁሉንም በወቅቱ ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች (ማሽኑ የራሳችን ነው)። ፋይሉን የመረመረው ሰው ቅጂውን አየና ዋናውን አምጪ አላት። ዋናውን ሰጠችው። ገልብጦ አየው። ባዶ ነው አላት። ዋናው ባዶ ነው፣ ቅጂው ዋና አይደለም፤ ወጪው ወደቀ።

ይህ ያናድዳል። ደረሰኝ ሳይቆርጥ በተገኘ ሻጭ ላይ አዋጅ 983/2008 ለእያንዳንዱ ግብይት 50 ሺህ ብር ቅጣት ጽፎ ነበር። ሻጩ ግን ሱቁ ውስጥ ሻይ ይጠጣል። ፋይል ታቅፌ ደረጃ የምወጣው እኔ ነኝ። እሱ ያልቆረጠው ደረሰኝ የእኔ ትርፍ ሆኖ ይጻፍብኛል፤ ያላገኘሁት ትርፍ፣ ያልበላሁት ገንዘብ። መዝገብ የያዘ ይመረመራል፣ ያሳወቀ ይጠረጠራል፣ ስሙ የትም የሌለ ሰላም ያድራል። ይባስ ብሎ በ2017 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ 1395፣ ግብራችሁ ከጠቅላላ ሽያጫችሁ 2.5 በመቶ በታች ከመጣ 2.5 በመቶውን ክፈሉ ይላል። ከስሬያለሁ ማለትም ዋጋ ወጥቶለታል ማለት ነው። በ2011 ገደማ በየአደባባዩ የተሰቀለው መፈክር ግዴታዬን እወጣለሁ፣ መብቴን እጠይቃለሁ ይል ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ጨርሻለሁ። ለሁለተኛው ሄድኩ፤ ሲስተም የለም ተባልኩ።

በዚያው ንዴት ወረቀት ሻጩ ጋ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ በርጩማ ሳበልኝ።

«እና እኔ ከመርካቶ በደረሰኝ ያመጣሁት መሰለህ፣ ጋሼ?» አለኝ።

ምን ልበለው? ኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠነክር መርካቶ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። እሱ ከአከፋፋዩ ያለደረሰኝ ያመጣል፣ አከፋፋዩ ከአስመጪው፤ ከዚያ በላይ ያለውን እግዜር ይወቀው። ንዴቴ የሚያርፍበት ሰው አጣ። ሻይ አዘዘልኝ፣ ጠጣሁ። ያው፣ ተዝናናሁ።

ይኸው ሰው የእቁባችን ጸሐፊ ነው። በሱቅ አንድ ብጣሽ ወረቀት መቁረጥ የሚያመው ሰው፣ እሑድ እሑድ ባለ ካሬ ደብተሩን ዘርግቶ የእያንዳንዳችንን መዋጮ በቀን፣ በስምና በፊርማ ይመዘግባል። በቢክ እስክሪብቶ ነው የሚጽፈው፤ ፀሐይ አይነካውም። አንዴ አማቼ ሃምሳ ብር ጎደለብኝ ብሎ ቢከራከር የሁለት ዓመት ገጽ ገልጦ አሳየው። በዚህ ዓይነት ሰው ላይ ማን ኦዲተር ይልካል? ወይስ እሱን ራሱን ኦዲተር አድርጎ መላክ ይሻላል? ይህንን ሐሳብ ለአማቼ ባቀርብለት ሌላ ነገር አስታወሰው። እቁቡን የምንጥለው በማኅበሩ ስም፣ ከማኅበሩ ካዝና ነው፤ ዕጣው ደግሞ ለእኛ የደረሰው ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ነው።

ሂሳብ ሠራተኛችን ይህንን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ገቢ ነው? አይደለም፣ የራሳችን ገንዘብ ነው። ብድር ነው? ግማሹ። ቁጠባ ነው? ግማሹ። ለጊዜው «ልዩ ልዩ ተሰብሳቢ» በሚለው ውስጥ አስገብታው፣ የእቁቡ ዳኛ ቲን ነምበር እንዳላቸው እንድጠይቅ ላከችኝ። ዳኛው የሰባ ሁለት ዓመት አዛውንት ናቸው። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ነበር፤ ሰው ነበራቸው።