እምዬ፣ ሳላውቅ ገደልኩሽ

ሊቨርፑል፣ ሐምሌ 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አያቴ ለእምዬ፤

እኔ ከናፍቆትሽና ከዝናቡ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ሰሎሞን፣ የተጻፈውን ብቻ አንብብላት! ባለፈው «ባል አግኝታለች» የሚል ከራስህ ጨምረህ ሌሊት በስልክ ስታስቀሰቅሰኝ ከርመሃል።

እምዬ፣ አንዴ ቁጭ በይ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ሞተሻል። የገደልኩሽም እኔ ነኝ። በተንኮል ግን አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ነው።

ከፈረንሳይ፣ ናንት ከሚባል ከተማ፣ ሮያል ደ ሉክስ የሚባሉ ሰዎች ግዙፍ አሻንጉሊቶች ይዘው መጥተው ነበር። አሻንጉሊት ስልሽ እትዬ ዘነበች ከቁራጭ ጨርቅ የምትሰፋውን እንዳይመስልሽ። ትንሿ ልጅ እንኳ ከ5 ሜትር በላይ ናት፤ ሾሎ የሚባል ፈረስ የሚያህል ውሻ አላት። አያትየዋ ደግሞ 7 ሜትር ታልፋለች። በክሬን ተንጠልጥላ፣ ቀይ የከፋይ ኮት የለበሱ ሰዎች በገመድ እየጎተቱ ነው የሚያስኬዷት። አንዱ ገመዱን ይዞ ከላይ ይዘላል፤ እሱ ሲወርድ እግሯ ይነሣል። ሌላው ይዘላል፤ ሌላኛው እግር ይነሣል። አንድ እርምጃ ለመራመድ ይህ ሁሉ ጎረምሳ ያልበዋል። አንቺ ገበያ ስትሄጂ እኛን ሁሉ እንደምታሯሩጪን ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት አያትየዋ ሴንት ጆርጅስ ሆል በሚባለው ትልቅ አዳራሽ ተኝታ ነበር። በፈረንጆቹ 1914 የከተማው ወጣቶች ጓደኛ ከጓደኛ እየተጠራሩ ለጦርነት የተሰለፉት እዚያ ነው፤ መቶ ዓመቱን ለማሰብ ነው ሴትዮዋን ያመጧት። ወደ ሥራ ስሄድ «አንዴ አይቼ ልለፍ» ብዬ ሰልፍ ያዝኩ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ታንኮራፋለች። አንቺ ከእሁድ ቡና በኋላ «አልተኛሁም፣ ዓይኔን ላሳርፍ ነው» የምትይው ትዝ አለኝ። አባትሽ ማይጨው ሲዘምት አንቺ በደረትሽ ትሳቢ እንደነበርም ትዝ አለኝ፣ እና ከሰልፉ ሳልወጣ ሰዓቱ አለፈ።

ለአለቃዬ ደወልኩ። ሰውየው ከስፔን ዕረፍቱ የተመለሰው በዋዜማው ማታ ነው፤ የአሻንጉሊቶቹን ወሬ አልሰማም። እኔ ደግሞ ስደነግጥ ከአማርኛ ነው የምገለብጠው። «አያት አርፋለች። ትልቅ አዳራሽ። ብዙ ሕዝብ። ፖሊስ መንገድ ዘግቷል» አልኩት። እኔ ያልኩት ጋደም ብላለች ነው። እሱ የሰማው የዕድር ለፋፊ ጥሩንባ ነፍቶ የሚለውን ነው።

ጸጥ አለ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ «ፍቅሬ፣ እስከ ሰኞ እንዳትመጪ» አለኝና ዘጋው። (እዚህ አገር ፍቅሬ የማይሉት የለም፤ የአውቶቡስ ሹፌሩም ይለኛል። ሰሎሞን፣ ይችን ባል አድርገህ እንዳታነባት!)

መልሼ ደውዬ ላስረዳው ነበር። ግን እምዬ፣ ሦስት ቀን ዕረፍት! አንቺ ብትሆኚ ትደውዪ ነበር?

ማታ አንዷ የሥራ ጓደኛዬ ቤቴ ድረስ ፖስታ ይዛ መጣች። ውስጡ አበባ የተሳለበት ካርድ፣ የአሥራ ሁለት ሰው ፊርማና 35 ፓውንድ። ከመብራትና ከውሃ ሂሳብ በቀር በስሜ የተጻፈ ፖስታ ሲደርሰኝ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ይኸው የመጀመሪያው ነው። ስሜንም እንዳይሆን አድርገው ነው የጻፉት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ ግራ ገባኝ፤ አንቺ አለሽ። እንባው ከመጣ አይቀር በወጉ ላድርገው ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሙሾ አወጣሁልሽ። ገና ሙያሽን ሳልጨርስ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበው።

ቅዳሜ ሐምሌ ገብርኤል ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ሕዝቡን ብታዪው! ቁልቢ ነው የሚመስለው፤ ሕፃኑ በትከሻ ላይ፣ ሽማግሌው በታጣፊ ወንበር። አያትየዋ ከማዶ ብቅ አለች። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ ወደኔ ያየች መሰለኝ። አላስቻለኝም፤ እልልታዬን አቀለጥኩት። ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ከዞሩት መካከል ልጁን በትከሻው የተሸከመው አለቃዬ አለ።

አስቢው እምዬ። የአያቷን ሐዘን ተቀምጣለች የተባለች ልጅ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ አደባባይ ላይ እልል ትላለች! ምን ልበለው? እጄን ወደ ላይ ቀሰርኩና፣ «ይችውና» አልኩት። ቀና ብሎ አየ። በዚሁ ሰዓት ሴትዮዋ፣ ይቅር በይኝና፣ ፈሷን ለቀቀችው። እውነቴን ነው፣ የተውኔቱ ክፍል ነው። የአበባየሁ ክርስትና ዕለት የሆነውን እዚህ አላነሣም።

አለቃዬ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ እሷን አየ። «ለሞተ ሰው መልኳ ደህና ነው» አለኝ። ሳቁ ሲያንገላታው ልጁን ከትከሻው አውርዶ አቆመው።

ሰኞ ገንዘቡን ልመልስ ብል አንድም የሚቀበል ጠፋ፤ «ለአያትሽ ላኪላት» አሉኝ። ስለዚህ የእዝንሽን ገንዘብ በሐዋላ ልኬልሻለሁ፤ ሰሎሞን ሳይሸራርፍ ቆጥረሽ ተቀበዪ። ፎቶዬን አይተሽ «ጅብ ጋጣት ወይ?» ያልሽውንም ሰምቻለሁ። አንቺ በሞትሽ ጊዜ ነው የከሳሁት።

ብቻ እትዬ ዘነበች እንዳትሰማ። የዕድሩ ዳኛ ጆሮ ከደረሰ፣ አርባ ዓመት የከፈልሽበትን ድንኳን «እሷማ እንግሊዝ አገር ተቀብራለች» ብሎ ይከለክልሻል።

ገዳይሽና ናፋቂሽ፣
ጽጌ