እሳት ያልነካው ሸክላ

ቀጨኔ ያደገ ሰው በሸክላ አይደነቅም። በየደጁ የተሰጣውን ጀበናና ድስት እየዘለለ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። እንግዲህ እኔን ነው ዱንሁዋንግ የወሰዱኝ!

ዱንሁዋንግ ቻይና ውስጥ፣ በጋንሱ ክፍለ ሀገር በረሃ ላይ፣ የሐር መንገድ ነጋዴዎች ግመል ያጠጡባት የነበረች ከተማ ናት። ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ገደሉ እንደ ማር እንጀራ ተበሳስቷል። በ366 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) አንድ መነኩሴ ጀመረው፤ ዛሬ ሥዕል ያለባቸው ዋሻዎች ብቻ 492 ናቸው። ዓለቱ ጠጠርና አሸዋ ስለሆነ እንደ ላሊበላ ረቂቅ ቅርጽ አይወጣውም። ስለዚህ እንጨት አቁመው፣ ጭድ ያለበት ጭቃ ለጥፈውበት፣ ቀለም ቀብተው ቡድሃ አደረጉት።

አስጎብኚዋ የእጅ ባትሪዋን የተሰበረ ክንድ ላይ ስታበራ ጭዱ ብቅ አለ። ሌላው ጎብኚ ትንፋሹን ዋጠ፤ እኔ የሰፈሬ ግድግዳ ትዝ ብሎኝ ሳቄን ዋጥኩ።

ፎቶ ማንሳት ክልክል ነውና መጽሐፍ ገዝቼ፣ ዕድሜያቸውን ጀበና ሲሠሩ ለኖሩት ጎረቤታችን አሳየኋቸው።

«እሳት ነክቶታል?»

«አልነካውም እማማ።»

«ጥሬውን?»

«ጥሬውን። ይሄ ትልቁ ውስጡ የገደሉ ዓለት ቢሆንም ጭቃው ጥሬ ነው፤ 35.5 ሜትር ነው፤ ከ695 ጀምሮ አለ።»

«ክረምታቸውስ?»

በዓመት 40 ሚሊሜትር ገደማ እንደሚዘንብ ነገርኳቸው። የእንጦጦ ዶፍ ይህን በአንድ ከሰዓት ያወርደዋል።

«ሐምሌን ሳያይማ ማንም ይቆማል» አሉ።

በ1900 አንድ የዋሻው ጠባቂ በግንብ የተዘጋ የመጻሕፍት ክፍል እንዳገኘ፣ በ1907 ኦሬል ስታይን የሚባል ፈረንጅ ሺህ በሺህ ጥቅልሎችን በ130 ፓውንድ እንደወሰደ ተረክኩላቸው። ከጥቅልሎቹ አንዱ በ868 የታተመ ነው፤ እንግሊዞች መቅደላ የገቡት ልክ በሺህ ዓመቱ። ዛሬ ያም ጥቅልል የእኛም ብራናዎች ለንደን፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው።

«መቅደላስ በመድፍ ነው፤ ይሄኛው ግን ሸጦ ነው?»

«ለዋሻዎቹ ማደሻ ብሎ ነው።»

«ምነው አንድ ቅዳሜ መርካቶ ባዋልኩት!»

ገጹን ሲያገላብጡ አንድ የተቀመጠ ምስል እጅ ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እያሹ ብዙ ቆዩ።

«ይሄን ጣትማ ሴት ናት የሠራችው» አሉ።

አስጎብኚያችን ይህን አልነገረችንም።