ክፉ አጀማመርን በሥርዓት ለማሳለፍ የወጣ የደጋፊዎች አዋጅ ቁጥር 2/15

የአዳማ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ክረምቱን ሙሉ በዝውውር ወሬ ከርሞ፣ አዲሱን የውድድር ዘመን በሙሉ ልብ የሚቀበል በመሆኑ፤

አምስት ጨዋታ ተደርጎ ሁለት ነጥብ ብቻ ሲገኝ በማኪያቶ ቤት፣ በባጃጅ ተራና በዲኤስቲቪ ቤት የሚሰማው አስተያየት ወጥነት የሌለው፣ አንዳንዴም ለብርጭቆና ለፕላስቲክ ወንበር አስጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

ማዘን የማንኛውም ደጋፊ መብት ቢሆንም እንደ ማንኛውም መብት ልክና ደንብ እንዲኖረው በማስፈለጉ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የክፉ አጀማመር አዋጅ ቁጥር 2/15” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ከእዝባሩ በስተቀኝ ያለው ቁጥር እንደ ሌሎች አዋጆች ዓመተ ምሕረትን አያመለክትም፤ ከአምስት ጨዋታ ሊገኝ ይችል የነበረው ነጥብ ነው። በስተግራ ያለውን ለደጋፊ ማስረዳት ጨዋነት ስላልሆነ ታልፏል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ “ደጋፊ” ማለት “ሁለተኛ አላይም” ብሎ ቢያንስ አንድ ጊዜ የማለና በሳምንቱ ከሁሉም ቀድሞ ወንበር የያዘ ሰው ነው። “አሰልጣኝ” ማለት ቡድኑ ሲያሸንፍ በስሙ፣ ሲሸነፍ “ሰውዬው” እየተባለ የሚጠራ ባለሙያ ነው። “ሰንጠረዥ” ማለት ከላይ ወደ ታች የሚነበብ የደረጃ ዝርዝር ሲሆን፣ አዋጁ በሚጸናበት ጊዜ ከታች ወደ ላይ ማንበብ ይፈቀዳል።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በአዳማ ከተማ፣ በወንጂና በአዋሽ መልካሳ፣ በምሥራቅ ከወለንጪቲ እስከ መተሃራ፣ እንዲሁም ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚታጠፈው መንገድ መቂን፣ ባቱን፣ አዳሚ ቱሉንና አርሲ ነገሌን ይዞ እስከ ሻሸመኔ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሁሉ ይጸናል። የሐዋሳ ደጋፊ ከክልሉ ውጪ ስለሆነ አዋጁ አይገዛውም። በጎረቤትነቱ ማዘን ይችላል፤ መሳቅ ከፈለገ ግን ከሻሸመኔ ወዲያ ሆኖ ነው።

በወሰኑ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሻሸመኔ ከተማ ደጋፊዎች በሐዘን ጉዳይ የቀደምትነት መብት አላቸው። ክለባቸው በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪምየር ሊግ አድጎ በ2016 ዓ.ም. ተመልሶ ወርዷል። አብሮት ያደገው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደግሞ በዚያው ዓመት ዋንጫውን አነሣ። ሦስተኛው አዳጊ ሐምበሪቾም ከሻሸመኔ ጋር ስለወረደ በአንድ በር የገቡት ሦስቱ፣ አንዱ በሰገነት ሁለቱ በመሬት ቤት ወጥተዋል ማለት ነው። በመሆኑም የሻሸመኔ ሰው ስለ ክፉ ዓመት መናገር ሲጀምር የአዳማ ሰው ሻዩን አስቀምጦ ያደምጣል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ሜዳ

እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የሊጉ ክለቦች በየከተማቸው እንግዳ እየተቀበሉ ይጫወቱ ነበር። የአዳማ ከተማ ግቢም አበበ ቢቂላ ስታዲየም ነበር። ያን ጊዜ ለክፉ አጀማመር የደጋፊው መድኃኒት ሩቅ አልነበረም፤ ሜዳ ገብቶ ይጮኻል፣ ይጨፍራል፣ ሲብስበትም ይሳደባል። ተቃራኒው ቡድን ድምፁን ይሰማል፤ የራሱም ቡድን ይሰማል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የኮሮና ወረርሽኝና የሱፐር ስፖርት የቴሌቪዥን ሥርጭት ተደራርበው ክለቦች ሁሉ ለተወሰኑ ሳምንታት በአንድ ከተማ እየሰፈሩ የሚጫወቱበት አሠራር መጣ። በዚያ ዓመት ሊጉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ዞረ። ተራው ለአዳማ የደረሰው በኋላ ነው፤ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየምም የመላው ሊግ ሰፈር ሆነ።

ስለዚህ ክለቡ ውድድሩን ድሬዳዋ ላይ በሽንፈት ሲጀምር የአዳማ ደጋፊ የሚጮኸው በቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ አይሰማም፤ የቤቱ ባለቤት ግን ይሰማል፣ ሒሳብም ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ማንኛውም የዲኤስቲቪ ቤት ባለቤት ክለቡ ግብ ከተቆጠረበት በኋላ ባሉት አምስት ደቂቃዎች ሒሳብ እንዳይሰበስብ ተከልክሏል።

ሊጉ አዳማ ሲገባ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከተማው በተጋጣሚዎች ይሞላል፤ ሆቴሉ አልጋ ያከራያል፣ ባጃጁ ይመላለሳል፣ ሥጋ ቤቱ ያርዳል። ክለቡ ክፉ በጀመረበት ወር ከተማው ደህና ገቢ ያገኛል። ሆቴል ያለው ደጋፊ፣ ቅዳሜ ሦስት ለባዶ የረቱትን ልጆች እሑድ ጠዋት “ቁርስ እንዴት ነበር?” ብሎ መጠየቁ እንደ ክህደት አይቆጠርበትም። ፍርፍሩ ላይ ሆን ብሎ በርበሬ ካበዛ ግን እንደ አርበኝነት ይቆጠርለታል።

በገዛ አገሩ እንግዳ መሆን የአዳማ ደጋፊ ብቻ ዕጣ እንዳልሆነ አዋጁ ያስታውሳል። ብሔራዊ ቡድኑ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በአገር ውስጥ አጥቶ የራሱን ጨዋታ በሰው አገር ያስተናገደባቸው ዓመታት አሉ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 የረታው “በሜዳው” ሲሆን፣ ሜዳው የነበረው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። የመጀመሪያዋን ግብ ያስቆጠረው በጊዜው የአዳማ ከተማ ተጫዋች የነበረው ዳዋ ሆቴሳ ነው። ይህን የአዳማ ደጋፊ ለማንም፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ሳይጠየቅም የመናገር መብት አለው።

አንቀጽ 5፦ የሚፈቀዱ ምክንያቶች

ሽንፈትን በነፋስ ማሳበብ ይፈቀዳል። የአዳማ ነፋስ ተራ ነፋስ አይደለም፤ ከከተማው ዳር የተተከሉት አዳማ 1 እና አዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከተማ የሚያበራ ነፋስ አንድ የማዕዘን ምት ቢያጣምም አይገርምም። ሆኖም ቡድኖች በእረፍት ጎን ስለሚቀያየሩ ነፋስ ከ45 ደቂቃ በላይ ሊከሰስ አይችልም። ጨዋታው ድሬዳዋ ወይም ሐዋሳ ላይ ከሆነም የአዳማን ነፋስ መጥቀስ ክልክል ነው።

“ዳኛው በላን” ማለት የሚቻለው ድርጊቱን በዓይኑ ላየ ብቻ ነው። ያላየ ሰው “ዳኛው በላን አሉ” ይላል። ሙቀት፣ አቧራና የሜዳው ሣር በደባል ምክንያትነት ይያዛሉ፤ ብቻቸውን አይቆሙም።

ከምክንያቶች ሁሉ ቀልድ የማያውቀው የደመወዝ መዘግየት ነው። በሊጉ አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ ተጫዋቾች ወራት ያለ ክፍያ መቆየታቸውና ልምምድ ማቆማቸው በተለያዩ ክለቦች በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ቤት ኪራይ ያልከፈለ አጥቂ ግብ ሳተ ተብሎ ሲሰደብ መስማት ያሳፍራል። ስለሆነም ይህ ምክንያት በተረጋገጠ ጊዜ ስድቡ ከተጫዋቹ ላይ ተነሥቶ ወደ በጀት ክፍል ይዛወራል፤ የዝውውር መስኮት መከፈት አያስፈልገውም።

አንቀጽ 6፦ አሰልጣኝን ስለማሰናበት

ከአምስተኛው ጨዋታ በፊት “ይውጣልን” ማለት አይቻልም። ከዚያ በኋላም ተተኪ ሳይጠቁሙ ማለት አይቻልም። የተጠቆመው ሰው በሕይወት ያለ፣ ሥራ የሌለው እና ባለፈው ዓመት በዚሁ ጠረጴዛ ዙሪያ “ይውጣልን” ያልተባለ መሆን ይኖርበታል። ሦስቱንም የሚያሟላ ሰው ካልተገኘ ሰውዬው ይቆያል።

አንቀጽ 7፦ ለመጽናኛ የሚጠቀሱ ጉዳዮች

ደጋፊ ራሱን ሲያጽናና ካለፈው መጥቀስ ይችላል። ጥቅሱ ግን እውነትና ሙሉ ይሁን፤ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መዋጥ ክልክል ነው።

ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ፣ በአፍሪካ ዋንጫ፣ ኢትዮጵያ ካሜሩንን ስትገጥም ያው ዳዋ ሆቴሳ ገና በአራተኛው ደቂቃ ግብ አስቆጠረ። ጨዋታው 4 ለ 1 በካሜሩን አሸናፊነት አለቀ። መልካም አጀማመር ዋስትና አለመሆኑን የፈለገ ይህን ይጥቀስ።

የ2012 ዓ.ም. ውድድር በወረርሽኙ ምክንያት መሐል ላይ ተሰርዞ ሻምፒዮንም ወራጅም ሳይኖር ቀርቷል። ይህን በመመርኮዝ ሌላ ወረርሽኝ መመኘት በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ በልብ መመኘትም ያው ነው።

በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ ዋንጫ ሲያነሣ አዳማ ከተማ ከጅማ አባ ጅፋርና ከወልቂጤ ከተማ ጋር በሰንጠረዡ ግርጌ ጨረሰ። ክለቡ በሊጉ የቀረው ሐዋሳ ላይ በተደረገው የማሟያ ውድድር ከከፍተኛ ሊግ የመጡ ክለቦችን ቀድሞ ነው። ማሟያው የተዘጋጀው የትግራይ ክልል ሦስት ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ስላልተሳተፉ ቦታቸው ባዶ ሆኖ ስለነበር ነው። እንግዲህ የአዳማ ትልቁ ማምለጫ የተከፈተው ሌሎች በደረሰባቸው መከራ ነው። ይህ ጉዳይ ለመጽናኛ ሊጠቀስ ይችላል፤ ሲጠቀስ ግን ከበሮ አይመታም፣ ጥሩምባም አይነፋም።

ከውጭ አገር ጥቅስ የሚሻ ደጋፊ ወደ አሜሪካ ቤዝቦል ይመራል። በ1988 እ.ኤ.አ. የባልቲሞር ኦሪዮልስ ቡድን ውድድሩን በተከታታይ 21 ሽንፈት ጀመረ። በከተማው አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ቡድኑ እስኪያሸንፍ ከስቱዲዮ አልወጣም ብሎ ተሳለና 258 ሰዓት በአየር ላይ ቆየ። ቡድኑ በመጨረሻ ቺካጎ ላይ 9 ለ 0 አሸንፎ ሲመለስ 50,402 ሰው ስታዲየም ወጥቶ ተቀበለው፤ አንድ ጨዋታ ላሸነፈ ቡድን። ዓመቱ ያለቀው በ54 ድልና በ107 ሽንፈት ነው። የአዳማ የሬዲዮ አቅራቢዎች ይህን ዓይነት ስለት እንዳይሳሉ ይመከራሉ። ማመንጫው በአጠገብ ቢሆንም መብራት 258 ሰዓት ሳይቋረጥ ለመቆየቱ ማንም ዋስ አይሆንም።

አንቀጽ 8፦ ስለ ተደራቢ ሐዘን

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የእንግሊዝ ክለብ የሌለው ደጋፊ በዓይን አይታይም። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆነ የአዳማ ሰው፣ ዩናይትድ 15ኛ ሆኖ እንደጨረሰበት እንደ 2017 ዓ.ም. ባለ ጊዜ፣ ቅዳሜን ለአንዱ እሑድን ለሌላው ሐዘን ይመድባል። ሁለቱ በአንድ ቀን ከገጠሙት የአገር ቤቱ ይቀድማል። የአርሴናል ደጋፊ “እኛም በ2021 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አንድ ግብ ሳናገባ ተሸንፈን አምስተኛ ሆነን ጨርሰናል” ብሎ ሊያጽናናው ይችላል፤ ከዚያ በላይ ስለ አርሴናል እንዲያወራ አይፈቀድለትም።

አንቀጽ 9፦ ውርርድ

በገዛ ክለቡ ሽንፈት ላይ ቤቲንግ ቆርጦ የበላ ደጋፊ የጠረጴዛውን ሒሳብ ይከፍላል።

አንቀጽ 10፦ የአነጋገር ሥርዓት

የድሮውን የናዝሬት ቡድን የሚያስታውሱ ጋሼዎች “በእኛ ጊዜ” ብለው ሲጀምሩ እስከ አሥር ደቂቃ ማንም አያቋርጣቸውም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ “ጋሼ፣ ሻይ ይጨመር?” ብሎ ወሬ ማስለወጥ ይቻላል። ወጣቶች እርስ በርስ “ወንድሜ” እየተባባሉ የሚጀምሩት ክርክር ወደ “አንተ ሰውዬ” ሲሸጋገር የቤቱ ባለቤት ቻናል ይቀይራል።

አንቀጽ 11፦ ቅጣት

በአጋማሽ ዓመት የሊጉ መሪ ደጋፊ ነኝ ብሎ ማልያ የቀየረ ሰው ወደ ቀድሞ ወንበሩ የሚመለሰው በሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹ ከመታረቁ በፊት የባቱ ዓሣ ይጋበዛሉ፤ ዓሣው ጥብስ ይሁን ጉላሽ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሁለተኛ ጊዜ የቀየረ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ተወስዶ ይነከራል፤ እስኪለቀው ድረስ አይወጣም።

አንቀጽ 12፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከአምስተኛው ጨዋታ የመጨረሻ ፊሽካ ጀምሮ ክለቡ እስኪያሸንፍ ድረስ የጸና ይሆናል። አቻ ውጤት አዋጁን አያስቀርም፤ ለአንድ ሳምንት ያራዝመዋል። የወዳጅነት ጨዋታ ድል አይቆጠርም። ክለቡ አሸንፎ በሚቀጥለው ሳምንት ከተሸነፈ አዋጁ እንደገና መታወጅ ሳያስፈልገው ከአንቀጽ 5 ይቀጥላል።