የአምስት መቶ ዓመቱ ጎረምሳ

በዚህ ዘመን የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢን እንቅልፍ የሚነሳው ወንድ ዕድሜው 500 ዓመት አልፏል። መልኩን ካያችሁት ከ25 አይበልጥም፤ ጸጉሩ ጥቁር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጀርባው ላይም ሲያሻው የሚዘረጋው ክንፍ አለው። ስሙ ሪሳንድ ይባላል። ሳራ ጄ. ማስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ኤ ኮርት ኦፍ ቶርንስ ኤንድ ሮዝስ» ብላ በጀመረችው ተከታታይ ልብ ወለድ ውስጥ የሌሊቱ ግዛት ገዥ ነው። ሂሳቡን ወደኛ ታሪክ ብናመጣው ሰውየው የተወለደው አጼ ልብነ ድንግል ዙፋን ላይ ሳሉ ነው። የሚወዳት ፌይራ ደግሞ ታሪኩ ሲጀምር የ19 ዓመት ልጅ ናት።

የዕድሜውን ልዩነት ትቼዋለሁ። የሚገርመኝ ሰው 500 ዓመት ኖሮ ምንም አለመማሩ ነው። ልጅቱን የሚመለከት ትልቅ ምስጢር ያውቃል፤ ለራሷ ሲል ደብቆ ይይዘዋል። ምስጢሩን ከሌላ ፍጡር አፍ ትሰማዋለች፣ ትቆጣለች፣ ጥላው ትሄዳለች፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይብሰለሰላል። ቡና ተፈልቶ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሆድ የሆዳቸውን ቢጫወቱ ኖሮ ጉዳዩ ከአቦል አያልፍም ነበር። እኛ ዘንድ 500 ቀርቶ 70 ዓመት የኖረ ሰው የሰፈሩን ጠብ ሲያስታርቅ ይውላል። ሪሳንድ በወጉ ላግባ ቢል እንኳ መከራ ነው፤ ሽማግሌ ይላክ ቢባል ከእሱ የሚበልጥ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?

የዚህ ጎረምሳ ቀዳሚ ኤድዋርድ ነው። ስቴፈኒ ሜየር በ2005 ባሳተመችው «ትዋይላይት» ውስጥ ይህ ደም መጣጭ በ1901 ተወልዶ እስከ ዛሬ ከ17 ዓመት ልጆች ጋር ሁለተኛ ደረጃ ይማራል። በፊልሙ ላይ ቤተሰቡ የተመረቀባቸውን ቆቦች ግድግዳ ላይ ደርድሯቸው ይታያል። የኛ እናት ብታየው «ይሄን ሁሉ ቆብ ደፍተህ ሥራ የማትይዘው ምን ሆነህ ነው?» ነበር የምትለው። ከመጽሐፉ አድናቂዎች አንዷ ኢ. ኤል. ጄምስ በ2011 ጥርሱን ነቅላ፣ ሱፍ አልብሳ፣ ቢሊየነር አድርጋ «ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ» ውስጥ አስገባችው። ከዚያ በኋላ የመጡት ክንፍና ሰይፍ ጨመሩለት። ዛሬ በየመጽሐፉ አለ። ጥቁር ይለብሳል፣ ጨለማ ይታዘዝለታል፣ ጥርሱን አያሳይም። አገር ቤት መንገድ ላይ ብታገኙት «ማን ሞቶበት ነው?» ብላችሁ ነፍስ ይማር ማለታችሁ አይቀርም።

ጨለማ ከሚታዘዝላቸው መካከል አሁን ገበያውን የያዘው ዜይደን ነው። ሬቤካ ያሮስ በ2023 ባወጣችው «ፎርዝ ዊንግ» ውስጥ ዜይደን የአንድ አመፀኛ መስፍን ልጅ ነው፤ አባቱ የተያዘውና የተገደለው በአንዲት ጄኔራል ምክንያት ነው። የሚወዳት ቫዮሌት የዚያችው ጄኔራል ልጅ ናት፤ ወንድሟም በዚያው አመፅ እንደሞተ ይነገራል። ይህን ዓይነቱን ነገር የአሜሪካ አንባቢዎች «ከጠላትነት ወደ ፍቅር» ብለው በደስታ ይገዙታል። እኛ ጋ ስሙ ደም ነው። ሽማግሌ ይሰየማል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ ዓመታት ይወስዳል። እነዚህ ግን በልምምድ ምንጣፍ ላይ ተናንቀው ይጨርሱታል፤ እሷም ቢላዋ አንገቷ ላይ እያለ የዓይኑን ቀለም ለኛ መግለጿን አትተውም።

ሁለቱ ስለሚማሩበት የጦር ኮሌጅማ ባልናገር ይሻላል። ለብዙ መቶ ዓመታት ጦርነት ላይ ያለ አገር የወደፊት መኮንኖቹን ገና በመግቢያው ቀን መደገፊያ በሌለው ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ላይ ያሳልፋቸዋል። የወደቀ ሞተ። ያለፈውን የክፍል ጓደኛው ቢገድለው የሚጠይቅ የለም፤ ከዚያም የተረፈውን ድራጎን ካልወደደው ያቃጥለዋል። ወላጅ አይጮህም፣ የትምህርት ሚኒስቴር አይጠይቅም፣ የሠራዊቱ አዛዥ «ኧረ ሰው አለቀብን» አይልም። እንዲህ ዓይነት ኮሌጅ ያለው አገር ጠላት ምን ያደርግለታል?

ሆኖም በዚህ መጽሐፍ ከልቤ የወደድኩት ነገር አለ። ቫዮሌት ጉልበቷና ትከሻዋ በትንሽ ነገር ከመጋጠሚያው የሚወልቅ፣ አጥንቷ ቶሎ የሚሰበር ልጅ ናት። ከውጊያ በፊት ቁጭ ብላ ጉልበቷን በፋሻ ትጠቀልላለች። ይህ የፈጠራ ጌጥ አይደለም፤ ያሮስ ራሷ ኤለርስ ዳንሎስ ከሚባለው የመጋጠሚያና የቆዳ ሕመም ጋር የምትኖር ሴት ናትና ሕመሙን ከውስጥ ታውቀዋለች። ስለ ሕመሙ የምትጽፍባቸው ገጾች ላይ የጎረምሳው መንጋጋ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ስለ ልጅቱ መጨነቅ ጀመርኩ። ያሮስ እንዲህ መጻፍ እየቻለች ስለ መንጋጋው አሥር ጊዜ የምትነግረን ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ድራጎኑም ሌላው ደስታዬ ነው። እኛ ዘንዶ የምናውቀው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ሥር ተንጋሎ ነው። በአክሱም አፈ ታሪክም ሕዝቡ ልጃገረድ ይገብርለት የነበረው አርዌ ተገደለ እንጂ ኮርቻ የጫነበት የለም። ያሮስ ጋ ግን ጋላቢውን የሚመርጠው ዘንዶው ነው፤ ከመረጠ በኋላም በልጅቱ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ያነጋግራታል። ቴርን የሚባለው ጥቁሩ ድራጎን ጡረታ እንደወጣ ሻምበል ነው፤ አጭር ይናገራል፣ ይቆጣል፣ የወጣቶቹ ፍቅር ያሰለቸዋል። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ አዋቂ ሆኖ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው። በየገጹ «በቃ፣ ወደ ሥራችሁ» ባላቸው ቁጥር እኔም ከሩቅ ሆኜ አሜን እላለሁ።

ሁለተኛው ጥራዝ በዚያው በ2023 ኅዳር ላይ ደረሰ፤ ከመጀመሪያው ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ መሆኑ ነው። ጥድፊያው ያስታውቃል። ሁለቱ ፍቅረኞች «ምስጢር ደብቀህብኛል» እና «አልጠየቅሽኝም» የሚል አንድ ንግግር በየምዕራፉ ያሞቁታል። ሦስተኛው «ኦኒክስ ስቶርም» በጥር 2025 ሲወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ከ2.7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ይህን ያህል የሚገዛው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ የራሴ እህት ልጅ ናት።

የእህቴ ልጅ መጽሐፍ የምትመርጥበት መንገድ ከታሪኩ በላይ ያዝናናል። ቲክቶክ ላይ መጽሐፍ የሚያስተዋውቁ ልጆች አሉ፤ ሰፈራቸው ቡክቶክ ይባላል። ልጆቹ ታሪኩ ምን እንደሆነ አይነግሯትም። ምን ምን እንደገባበት ይነግሯታል፦ ጠላቶች የሚፋቀሩበት፣ እጣ ፈንታ ያጣመራቸው፣ አኩራፊ ወንድና ሳቂታ ሴት፣ ማደሪያው አንድ አልጋ ብቻ ያለበት። ይህ የአልጋው ነገር በተለይ ታላቅ ድንጋጤ ነው። ጀግኖቹ ዝናብ ደብድቧቸው ከአንድ ማደሪያ ሲደርሱ የቀረው ክፍል አንድ፣ የክፍሉ አልጋም አንድ ይሆንና ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ይጨነቃሉ። በበዓል ሰሞን ሦስት ሆኖ በአንድ አልጋ ራስና እግር ተገላብጦ ተኝቶ ያደገ አንባቢ ጭንቀቱ አይገባውም። ደግሞስ መሬት ላይ አንጥፎ ማደር የሚባል ነገር የለም እንዴ?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በርበሬው አለ። የመኝታ ቤቱ ትርኢት ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ የሚለካው በበርበሬ ሥዕል ነው፤ አንድ በርበሬ መሳሳም፣ አምስት በርበሬ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ የማይነበብ። ከአገር ቤት ልትጠይቀን የመጣችው አክስቴ የልጅቱን ስልክ አይታ የበርበሬውን ረድፍ ስትቆጥር «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ወጥ መሥራት ጀመርሽ?» አለቻት። ልጅቷ እንደ በርበሬው ቀላች። እኔም ዝም አልኩ፤ አምስት በርበሬ የተሰጠው መጽሐፍ በዚያች ደቂቃ የነበረው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ለታሪክ ያህል ልመስክር፦ አልጫ ነበር።

እንግዲህ ትዝብቴ እዚህ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ድራጎን፣ ይህን ሁሉ ምትሃት፣ ካርታ ተስሎለት፣ የማይጠራ ስም ወጥቶለት የምናነበው «ከተለመደው ኑሮ ለመውጣት» ነው እንላለን። ወደማናውቀው ዓለም እንሄዳለን ብለን ከመነሳታችን በፊት ግን የሚገጥመንን በሙሉ አስቀድመን እናዛለን። ጠላትየው እንደሚወዳት እናውቃለን፤ አልጋው አንድ እንደሚሆን እናውቃለን፤ የበርበሬውንም ልክ እናውቃለን። ከዚያ ገጽ 300 ላይ ጠላትየው ሲወዳት እጃችንን ደረታችን ላይ ጭነን «ውይ!» እንላለን። ጸሐፊዋ ከትእዛዙ አንዲት ነገር ካጎደለች ደግሞ ወዮላት፤ አምስት ኮከብ የነበረው ሁለት ይሆናል።

መጨረሻውም የታዘዘ ነው። በ1980 የተመሠረተው የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር የፍቅር ልብ ወለድ ለመባል ሁለት ነገር ይበቃል ብሎ ደንግጎ ነበር፦ የታሪኩ ዋና ነገር ፍቅር ይሁን፣ ፍጻሜውም ልብ የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን። በዚህ ደንብ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር ልብ ወለድ አይደለም። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ያለቀስንበት ሁሉ በስህተት ነው፤ ርዕሱ ራሱ ደንቡን ጥሷል። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ግን ፈተናውን ያልፋል። ወንድ መስላ የምትሄድ ቆንጆ፣ የሚወዳት ንጉሥ፣ መጨረሻው ሠርግ፤ ቡክቶክ ላይ ቢወጣ በአንድ ሳምንት ያልቃል። «ጦቢያ» ሮም ውስጥ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን፣ በዓለም የታወቀው የፍቅር ልብ ወለድ አሳታሚ ሚልስ ኤንድ ቡን ለንደን ላይ የተቋቋመውም በዚያው በ1908 ነው። አብረን ነው የተነሳነው፤ እኛ ኋላ ወደ መቃብሩ አዘነበልን እንጂ። ደንቡን ያወጣው ማኅበር ደግሞ በ2024 ዕዳው በዝቶበት የኪሳራ አቤቱታ ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ። ለሌላው ያዘዘውን ፍጻሜ ለራሱ አላገኘውም።

ስለ ገዢዎች ትንሽ ልጨምር። አሁን የመጽሐፉ ጎን፣ ማለት ወረቀቱ ሲዘጋ የሚታየው ጠርዝ፣ በቀለም ይነከራል፤ ድራጎን ይሣልበታል፤ ወርቅ ይቀባል። የእህቴ ልጅ አንዱን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ገዝታዋለች፤ አንዱ ይነበባል፣ አንዱ ይታያል። የሚታየውን መንካት ክልክል ነው። በሌላ በኩል በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ አነባለሁ ብለው ጉድሪድስ በሚባለው የአንባቢዎች ድረ ገጽ ላይ ቃል የሚገቡ አሉ። የፈረንጆቹ ታኅሣሥ ሲደርስ ቁጥሩ እንዳይጎድል ቀጫጭን መጽሐፍ ሲያስሱ፣ የድምፅ ትረካውንም በእጥፍ ፍጥነት ሲያስሮጡት ታገኟቸዋላችሁ። ድራጎኑ እንደ ሐራጅ ነጋዴ ሲንጣጣ ሰምቻለሁ።

በዚህ ሁሉ የሚስቅ አንድ ወዳጅ አለኝ። «የሴቶች ተረት ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። እሱ የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ወገን ነው፤ የሱ ድራጎኖች ቁም ነገረኞች ናቸው። የማርቲን አምስተኛ ጥራዝ የወጣው በ2011 ነው፤ ስድስተኛውን ይህን እስከምጽፍ ድረስ በትዕግሥት እየጠበቀ ነው። ያሮስ ሦስት ወፋፍራም ጥራዝ ያስነበበችው ከግንቦት 2023 እስከ ጥር 2025 ባለው ጊዜ ነው። ጊዜ ያባከነው ማን እንደሆነ እንዲፈርድ ስጠይቀው ስለ «ጥልቀት» ይነግረኛል። ባለፈው ጊዜ ግን የዜይደን አባት ማን እንዳስገደለው ስሳሳት አረመኝ። ከየት አወቀ?

ለማንበብ ለምታስቡ ፍርዴ ይኸው። ከያሮስ የመጀመሪያውን አንብቡ፤ ሁለተኛውን ዝለሉ ብላችሁ አትሰሙኝም፤ ሦስተኛውን ግን ከመግዛታችሁ በፊት ተዋሱ። ከማስ ተከታታይ ሁለተኛው ይሻላል፤ ኩርፊያውን ከቻላችሁት። ከሁሉም ለኔ የተስማማኝ የሄዘር ፎሴት «ኤሚሊ ዋይልድስ ኢንሳይክሎፒዲያ ኦፍ ፌሪስ» ነው። በ2023 ወጣ። ጀግናዋ ደረቅ የካምብሪጅ ምሁር ናት፤ በግርጌ ማስታወሻ ትጽፋለች፣ ከሰው ይልቅ ውሻዋን ትመርጣለች። የሚወዳት ወንድ እንኳ ሰነፍ ነው፤ ይስቃል፣ ቤት ያሰናዳል፣ ይነጫነጫል። በርበሬው ጥቂት ነው፤ ወጡ ግን በስሏል። ስትዋሱ ባለ ቀለም ጠርዙን አትጠይቁ፤ ማንም አይሰጣችሁም።